ለልጅ ልጄ ኮምፒውተር ስገዛ የተማርኩት

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ጎረቤት ቤቴ የሚመጣው ደም ግፊት ለማስለካት ወይም የሐኪም ማዘዣ ለማስነበብ ነበር። ዘንድሮ ግን ሌላ ጥያቄ ተጨመረ። «ሲስተር፣ ለልጃችን ኮምፒውተር ልንገዛ አስበናል፤ ምን ዓይነት ይሻላል?» የሚሉኝ ወላጆች በዝተዋል። ነርስን ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኛት ትሉ ይሆናል። ያገናኘኝ ኪሳራ ነው። እኔ የከሰርኩትን ሌላው እንዳይከስር ብዬ የማውቀውን ዛሬ ላጫውታችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዕቁብ ወጣልኝና ለልጅ ልጄ ኮምፒውተር ልግዛላት ብዬ ወደ ከተማ ሄድኩ። የትኛው ከተማ፣ የትኛው ሱቅ የሚለው ይቅር። ሻጩ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ኬዝ አሳየኝ። «ማዘር፣ ከዚህ በላይ የለም» አለኝ። እኔም በመብራቱ ተማርኬ ከፈልኩ። ፍኖተ ሰላም አምጥተነው ሰባት ወር ሠራ። አንድ የሐምሌ ምሽት ዝናቡ ከነነጎድጓዱ መጣና መብራት ሄደ። ሲመለስ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቤቱም የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ።

ጠጋኙ ሲከፍተው ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎ ማዘርቦርዱንና ሃርድ ዲስኩን ይዞ ሄዷል። የብሩን ነገር እንዴትም ብዬ ረሳሁት። ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ግን የሟች ባለቤቴ ፎቶዎች ነበሩ። ከአሮጌ ስልኩ ላይ ገልብጠን ያስቀመጥናቸው ናቸው፤ ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ልጅቷ አሁን 11ኛ ክፍል ደርሳለች። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት መጀመሩን ታውቃላችሁ። ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተና አዳራሽ ውስጥ ሲይዝ ምን እንደሚሆን አስቡት። «እማማ፣ እኔ እኮ ጥያቄው ሳይሆን ማሽኑ ነው የሚያስፈራኝ» ስትለኝ እንደገና ዕቁብ ገባሁ።

መጀመሪያ ታማሚውን መጠየቅ

ሁለተኛውን ኮምፒውተር ለመግዛት የተነሳሁት ብቻዬን አይደለም። የእህቴ ልጅ ቡሬ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ስለ ዋጋ ልጠይቀው ስደውል እሱ እኔን ይጠይቀኝ ጀመር። «አክስቴ፣ ምን ልትሠራበት ነው? መብራታችሁስ እንዴት ነው? ኢንተርኔት በምን ታገኛላችሁ? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?» ሳቅሁ። እኛም በሙያችን ታማሚ ሲመጣ አስቀድመን የምንሰጠው መድኃኒት አይደለም፤ የምንጀምረው ከጥያቄ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ሳልጠይቅ መድኃኒት ገዝቼ ነበር።

መልሴ ይህ ነበር። ልጅቷ የምትጽፍበት፣ ትምህርት የምታይበት፣ ትንሽም ኮድ መጻፍ የምትማርበት ነው። ጌም አስፈላጊ አይደለም። ኢንተርኔት የምናገኘው ከስልክ ነው። መብራቱ ደግሞ የምታውቁት ነው። ጢስ ዓባይ ላይ ኤሌክትሪክ ማመንጨት የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው፤ ጣና በለስም በእኛው ወገን ነው። ያም ሆኖ መብራት ቤታችን እንደ እንግዳ ይመጣል፣ እንደ እንግዳ ይሄዳል።

«እንግዲያው ብሩን የሚያበራ ኬዝ ላይ አናፈስስም፤ ለዊንዶውስም አንከፍልም። ሊኑክስ እንጭናለን» አለኝ።

ሊኑክስ ምንድን ነው?

ኮምፒውተር ሲበራ ሁሉንም ክፍል የሚያንቀሳቅስ አንድ ዋና ፕሮግራም አለ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ዊንዶውስን ነው። ሊኑክስ ሌላው ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ ጀመረውና አሠራሩን ሳይደብቅ ለዓለም ለቀቀው። ጥሩ ወጥ የምትሠራ ሴት አሠራሩን ለጎረቤት ሁሉ ነግራ እያንዳንዷ ጎረቤት የራሷን ሙያ እንደጨመረችበት ቁጠሩት። ዛሬ በመላው ዓለም ያሉ ባለሙያዎች ያሻሽሉታል። የእጃችን አንድሮይድ ስልክም ውስጡ ሊኑክስ ነው።

ሊኑክስ በብዙ ዓይነት ተዘጋጅቶ ይገኛል። ለጀማሪ የሚመከሩት ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ናቸው። ኡቡንቱን በ2004 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው ማርክ ሻትልዎርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ስሙ ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን ሰው ሰው የሚሆነው በሰው ነው የሚል መንፈስ አለው። እኛ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» የምንለው መሆኑ ነው። ለነርስ ጆሮ ደስ ይላል።

በነፃ የሚሰጥ ነገር ይረባል ወይ የሚል ጥርጣሬ እኔም ነበረኝ። ነገር ግን ጤና ጣቢያዎቻችን ሪፖርት የሚያስገቡበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት ራሱ አሠራሩ ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚሰጥ፣ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ሶፍትዌር ነው። የአገር የጤና መረጃ የተሸከመ ነገር የአንዲት ተማሪን ደብተር አይከብደውም አልኩ።

ሌላው ጥቅሙ ከእኔ ሙያ ጋር ይቀራረባል። በአገራችን ፍላሽ እንደ ጋራ መርፌ ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ቫይረስ ያዞራል። እነዚያ ቫይረሶች በአብዛኛው ለዊንዶውስ የተሠሩ ስለሆኑ ሊኑክስ ላይ አይሠሩም። ይህ ማለት ግን ሊኑክስ ጨርሶ አይታመምም ማለት አይደለም። ደግሞም እናንተን ያልጎዳው ቫይረስ በፍላሻችሁ አልፎ የጎረቤትን ኮምፒውተር ሊያሳምም ይችላል። በሕክምና ቋንቋ ተሸካሚ ትሆናላችሁ ማለት ነው።

ያገለገለ ወይስ ተገጣጥሞ የሚሠራ?

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የኮምፒውተር ዋጋ አንድ ቦታ ስለማይቆም በብር አልጽፍላችሁም። መንገዱን ግን ልንገራችሁ፤ ሁለት ነው።

አንደኛው ከውጭ ተጠቅመውበት የሚመጣ የቢሮ ኮምፒውተር መግዛት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በደንቡ የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ፕሮሰሰር ነው። ስለዚህ 6ኛና 7ኛ ትውልድ የሆኑ ጤነኛ ማሽኖች በየአገሩ ከቢሮ እየወጡ ነው። ሊኑክስ እነዚህን ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበላል። በቂ ብር ካላችሁ ግን 8ኛውን ትውልድ ምረጡ። ኮር አይ 5-6500 አራት ኮር ሲኖረው ኮር አይ 5-8500 ስድስት አለው። ከሰረዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር ትውልዱን እንደሚናገር ልብ በሉ። ሻጩ «ኮር አይ 5 ነው» ሲላችሁ «ስንተኛ ትውልድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያለ ትውልዱ ስሙ ብቻ ዕድሜው ያልተነገረ በሽተኛ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አዳዲስ ክፍሎችን ገዝቶ ማስገጣጠም ነው። የእህቴ ልጅ ለመካከለኛ አቅም የሚመክረው ራይዘን 5 5600ጂ የሚባለውን የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ነው። ስድስት ኮር አለው፤ ስክሪን ላይ ምስል የሚያወጣው ክፍልም አብሮት ስላለ የተለየ የግራፊክስ ካርድ አያስገዛችሁም። መጨረሻው ላይ ያለችው ጂ የተባለችው ፊደል ትርጉሟ ይኸው ነው። በኢንቴል በኩል ደግሞ መጨረሻው ላይ ኤፍ ያለበትን አትግዙ፤ ያ የምስል ክፍሉ የሌለው ነው። ቤት አምጥታችሁ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

እኔ የመጀመሪያውን መንገድ መረጥኩ። ለዚያው ብር የተሻለ ነገር ስለሚገኝና ከመክፈል በፊት አብርቶ ማየት ስለሚቻል ነው።

ብሩ የት የት ይግባ?

ብሬን አምስት እጅ አደረግነው። ሦስቱ ለኮምፒውተሩና ለስክሪኑ፣ አንዱ ለራምና ለኤስኤስዲ፣ አንዱ ደግሞ ለመብራት መከላከያ። የመጨረሻውን ስሰማ በዛ ብዬ ነበር። «አክስቴ፣ ያለፈው ኮምፒውተር የሞተው በምን ነበር?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ፓወር ሰፕላይ፦ የኮምፒውተር ልብ ነው። ያለ ግራፊክስ ካርድ የሚሠራ የቤት ኮምፒውተር ብዙ ኃይል ስለማይፈልግ 450 ዋት ይበቃዋል። ትልቁ ነገር የቁጥሩ ብዛት ሳይሆን የዕቃው ጥራት ነው፤ በእጅ ሲያዝ እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ፓወር ሰፕላይ አያስተማምንም። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር የምትገዙ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቀጫጭኖቹ ማሽኖች የራሳቸው ልዩ ፓወር ሰፕላይ ስላላቸው ሲቃጠል ተተኪ ማግኘት ይቸግራል። ሻጩን ተተኪ አለህ ወይ በሉት። ከተቻለም ትልቁን፣ ቁሞ የሚቀመጠውን ምረጡ።

ዩፒኤስ፦ መብራት ሲሄድ ፋይል አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። 650 ቪኤ የሚባለው ለአንድ ኮምፒውተር ይሆናል። ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ ሲል የሚያስተካክል መሆኑን ጠይቁ። ባትሪው በጥቂት ዓመት ውስጥ ይደክማል፤ ሲደክም ባትሪውን ብቻ ቀይሩ። ነጎድጓድ ሲሰማ ግን ከሶኬት መንቀልን የሚተካ ነገር የለም። ሶኬታችሁ የመሬት ሽቦ እንዳለውም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይይላችሁ።

ራም፦ 8 ጊጋ ያሠራል፤ 16 ጊጋ ደግሞ ለዓመታት ያዘልቃል። አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ማድረግ ይሻላል፤ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ይፈጥናሉ።

ኤስኤስዲ፦ የሚሽከረከረውን የድሮውን ሃርድ ዲስክ ለዋና ሥራ አትጠቀሙበት። አሮጌ ኮምፒውተርን ወጣት የሚያደርግ አንድ ነገር ቢኖር ኤስኤስዲ ነው። ኡቡንቱ ለራሱ 25 ጊጋ ያህል ቢያገኝ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ባለ 256 እንኳ ለተማሪ ይሆናል። እኛ ባለ 500 ገዛን።

ግራፊክስ ካርድ፦ ተዉት። ሊኑክስ የኢንቴልንና የኤኤምዲን የምስል ክፍል ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ያውቃቸዋል። የኤንቪዲያ ካርድ ግን ብዙ ጊዜ የራሱን ድራይቨር መጫን ይጠይቃል።

ኢንተርኔት፦ ፍላሽ የምታህለውን የዋይፋይ መቀበያ ሳትሞክሩ አትግዙ። አንዳንዷ ሊኑክስ ላይ ለመሥራት ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር ትፈልጋለች፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ እሷ ታስፈልጋለች። እኛ ስልካችንን በቻርጀር ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተን ኢንተርኔት እናጋራለን፤ ያለ ምንም ጣጣ ይሠራል።

በቦርሳዬ የያዝኩት ፍላሽ

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ። ሊኑክስ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን ከፍላሽ ተነስቶ መሥራት ይችላል። የእህቴ ልጅ በ16 ጊጋ ፍላሽ ኡቡንቱ 24.04 አዘጋጅቶ ሰጠኝ። «ከመክፈልዎ በፊት በዚህ ያስነሡት» አለኝ። እኔም ፍላሹን መነጽሬ ማኅደር ውስጥ ከትቼ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ገባሁ።

የመጀመሪያው ሻጭ «ማዘር፣ ይሄ የተፈተሸ ነው» ብሎ ሊያባርረኝ ነበር። «እኔም ሰውን ሳልመረምር መርፌ ወግቼ አላውቅም» ስለው ሳቀና ፈቀደ። ፍላሹን ሰክተን ሲበራ ኤፍ 12 የተባለችውን ቁልፍ ነካካን፤ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 9 ናት። በመጣው ዝርዝር ፍላሹን መረጥን፤ «ሞክር» የሚለውን ስንነካ ኡቡንቱ ተነሣ። 16 ጊጋ ራም አለው የተባለው ማሽን 8 ብቻ አሳየ። ሻጩም ራሱ ደነገጠ።

ሁለተኛው ሱቅ ራሙ ልክ ነበር። «ዲስኮች» የሚለውን ፕሮግራም ከፍተን የዲስኩን ጤና ስናይ ግን ሊሞት የተቃረበ መሆኑን ተናገረ። በሦስተኛው ሁሉም ሰላም ሆነ። ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አየን። ዋናው መቼት በይለፍ ቃል አለመቆለፉንም አረጋገጥን፤ ከቢሮ የወጣ ማሽን አንዳንዴ ተቆልፎ ይመጣል። ሙሉ ምርመራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

እንግዲህ ከመርካቶ እስከ ፍኖተ ሰላም የዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለ። ኮምፒውተሩን ከሻንጣ ጋር አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አልጫንኩትም። በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ጎኔ የተቀመጡት አባት «ሕፃን ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «በሉት አባቴ፣ ነው» አልኳቸው።

የማይሆንለት ሰውም አለ

ሐቁን ሁሉ መናገር አለብኝ። ሊኑክስ ለሁሉም አይሆንም። ልጃችሁ የሂሳብ አያያዝ ተማሪ ሆና ፒችትሪ የሚፈለግባት ከሆነ፣ ወይም ፎቶሾፕና አውቶካድ ለእንጀራ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ዊንዶውስ ይሻላችኋል። ፓወር ግዕዝ የለመደ ጸሐፊም መጀመሪያ ይቸገራል። አማርኛ ግን ይጻፋል፤ የፊደል መጻፊያውን ከመቼቱ ውስጥ መጨመር ብቻ ነው። በዎርድ የተጻፈውን ሊብረኦፊስ የተባለው ይከፍተዋል፤ አልፎ አልፎ ግን የገጹ አሰላለፍ ይዛነፋል። ማተሚያ ስትገዙም ጠይቁ። የኤችፒ ማተሚያዎች በአብዛኛው በቀላሉ ይሠራሉ፤ አንዳንድ የካኖን ሌዘር ማተሚያዎች ግን የተለየ ድራይቨር ይሻሉ።

ሌላ ትንሽ ነገር ላክል። ኮምፒውተራችሁ በበራ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰና ድረ ገጾች አልከፈት ካሉ አትደንግጡ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። በትንሽ ብር ትቀየራለች። በእሷ ምክንያት ኮምፒውተሩ «ተበላሸ» ተብሎ የተጣለበት ቤት አውቃለሁ።

ዛሬ ቤታችን ውስጥ

ኮምፒውተሩ አሁን ሳሎናችን ጥግ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ አቧራ እንዳይገባበት ሲጠፋ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ይጮኻል፤ ልጅቷም ጽሑፏን አስቀምጣ ትዘጋዋለች። መብራት ሲመለስ አምስት ደቂቃ እንቆያለን። በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አትረሱትም። ያን ጊዜ አስበን ኪዊክስ በሚባል በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ዊኪፒዲያ አስጫንን። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ንባቧ አይቋረጥም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ይመጣሉ። ተራ ይዘው ማውስ መያዝ ይለማመዳሉ፤ እኔ ወረፋ አስከብራለሁ። የተመላላሽ ክፍል ትዝ ይለኛል።

በየወሩ መጨረሻ ደግሞ አንድ ሥራ አለኝ። የቤተሰቡን ፎቶ ሁሉ ለዚሁ ብቻ በተገዛ ዲስክ እገለብጥና ዲስኩን ነቅዬ ቁም ሳጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ። የባለቤቴ ፎቶዎች አይመለሱም። ባለፈው ወር ግን የባሕር ዳር እህቱ ከስልኳ ላይ አንድ አግኝታ ላከችልኝ፤ በሠርጋችን ሃያኛ ዓመት ዓባይ ድልድይ ላይ ቆመን የተነሣነው ነው። ልጅቷ ሳልነግራት ሦስት ቦታ ቀድታ አስቀመጠችው። «እማማ፣ አንዱ ቢሞት ሁለቱ አሉ» አለችኝ።

እናንተም ስትገዙ የሚያብረቀርቀውን ትታችሁ የሚያድነውን ግዙ፤ ፍላሻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። በሉ ቸር ይግጠመን።